ትንሹን ምረጡ

ጥፋተኛው የወንድሜ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «ችኩሌ» ይለዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ «ገባኝ» ብሎ የሚነሳ ስለሆነ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አልተሳሳትኩም።

ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ነው የምጽፈው፤ መጀመሪያ በረቂቅ፣ ቀጥሎ በንጹሕ። ልጄ እንዲህ አድርጋ ነው ያስተማረችኝ። ስለዚህ የእሱም የእኔም ደብዳቤዎች እጄ ላይ አሉ። በተጻፉበት ቀን ደርድሬያቸዋለሁ። ዘመዶች «ምን ቢያደርግሽ ነው እንዲህ የጨከንሽበት» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከማወራ ያንብቡት። ማንበብ የማይችል ካለም ያስነብብ፤ እኔም እስከ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ድረስ በሰው ዓይን ነበር የማነበው።

ጥቅምት 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ከሥራ ሳይፈታ፣ ልብህም ከሐሳብ አርፎ ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ። እዚያው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነኝ። የሦስት ሆስፒታል አንሶላ ይመጣልናል፤ እተኩሳለሁ፣ አጥፌ እደረድራለሁ።

ልጄ ካረፈች ስምንት ወር ሊሞላት ነው። ያኔ ደጋግመህ መደወልህን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ነግራኛለች። ወደ ስልኩ ያልመጣሁት ቂም ይዤ አይደለም። «ተሽሏታል፣ ነገ ይምጡ» ብለው ከሆስፒታል የነገሩኝ በስልክ ነው። በነጋው ስሄድ አልጋዋ ተነጥፏል። አንሶላው የእኔ አተኳኮስ ነበር፤ በጥጉ አጣጠፍ አወቅኩት። ማን እንደደወለልኝ ብጠይቅ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» አለ። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተባለ ነገር ለእኔ ነፋስ ነው። የምትለኝ ካለ ጽፈህ በለኝ፤ የተጻፈ አይካድም።

አሁን የምጽፍልህ ስትሄድ ለእሷ ስለተውክላት ላፕቶፕ ነው። እሷ የማታ ተረኛ ነበረች፣ እኔ የቀን። እሷ ስትገባ እኔ ስወጣ በር ላይ ነበር የምንገናኘው። ፊደል አስተምሪኝ ብያት ጊዜ ብናጣ ድምጿን ላፕቶፑ ላይ ትቀዳልኝ ጀመር። ፊደሉን ትጠራና «አሁን አንቺ በዪ» ብላ ዝም ትላለች። እስክል ትጠብቀኛለች። ከዚያ «ጎበዝ» ትለኛለች። ብሳሳትም ጎበዝ ነው የምትለኝ፤ አትሰማኝማ።

ሃያ ትምህርት ቀድታልኛለች፤ የመጨረሻዎቹን አልጋ ላይ ሆና። አንዱን አሥር ጊዜ ሳልጽፍ ወደሚቀጥለው እንዳልሄድ አስምላኛለች። አሥራ አራተኛው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር ነው፤ ሰላምታዬን እንዳየኸው እሱን ጨርሻለሁ። አሥራ አምስተኛው ደብዳቤ እንዴት እንደሚያልቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አምስቱ ስለ ምን እንደሆኑ አላውቅም። ስጠይቃት «ስትደርሺ ትሰሚዋለሽ» ነበር መልሷ።

አሥራ አራተኛውን ጽፌ በጨረስኩ ማግስት ላፕቶፑ አልነሳ አለ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ጽሕፈት ያወጣና ቀጥ ይላል። ጽሕፈቱ በእኛ ፊደል አይደለም። አስፋልቱ ዳር ያለው ጠጋኝ ገና ሳይከፍተው «ጠርገን አዲስ እንጭንበታለን» አለኝ። ውስጡ ያለውስ ስለው «እሱማ ይሄዳል እናቴ» አለ፣ ስለ አቧራ እንደሚያወራ ሁሉ። ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ በፎጣ ጠቅልዬው ወጣሁ።

አንተ ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው ስትል ኖረሃል። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ ያንተ ግን አሁን በእጅ ይታይ። ብር አልጠየቅኩህም፣ ልብስ አልጠየቅኩህም። የልጄን ድምፅ አስነሳልኝ።

መጨረሻው ላይ ምን እንደሚባል ገና ስላልደረስኩበት እዚህ ላይ አቁሜያለሁ።

ጥቅምት 29 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራዬም እንደነበረው ነው። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እጅ ጽሕፈትዎ ከእኔ ይበልጣል። እሷ ድሮም ማስተማር ትችልበት ነበር። በሁለት ዓመት የምበልጣት እኔ ብስክሌት የተማርኩት ከእሷ ነው፤ ስወድቅም «ጎበዝ» ነበር የምትለኝ።

ላፕቶፑ አልሞተም። ቤቱ አለ፣ ዕቃውም አለ፤ የሞተው በር ከፋቹ ነው። ኮምፒውተርን የሚያስነሳ ሲስተም የሚባል ነገር አለ፤ የእናንተው አርጅቷል። ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም አለ፣ በነፃ የሚገኝ። እሱን ላፕቶፑ ላይ አንጭነውም፤ ፍላሽ ላይ ነው የምንጭነው። ፍላሹ ሲሰካ ላፕቶፑ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ውስጡ ያለውንም ያሳያል። ሲነቀል ሁሉም እንደነበረ ነው። የላፕቶፑን ሆድ ማንም አይነካውም።

ወደዚያ ከሚመጡ ከጓደኛዬ እናት ጋር ሁለት ፍላሽ ልኬያለሁ። ጥቁሩ መጫኛው ነው። ሰማያዊው ባዶ ነው፤ ሊኑክስ የሚጫነው እሱ ላይ ነው። ኮምፒውተር የለመደ ሰው ይያዙና ይህን ወረቀት ይስጡት። ሁለቱንም ሰክቶ ላፕቶፑን ሲያበራ «ኤፍ አሥራ ሁለት» የሚለውን ደጋግሞ ይጫን። ዝርዝር ይመጣል፤ ከዝርዝሩ ጥቁሩን ይምረጥ። ትንሽ ቆይቶ «የት ልጫን?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሁለት ዲስክ ያሳያል። ትልቁ የላፕቶፑ ሆድ ነው፤ የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ትንሹ ሰማያዊው ፍላሽ ነው። ቁጥር እየጻፍኩ አላደክምዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይያዙልኝ፦ ትንሹን ምረጡ።

አንዴ ከተጫነ በኋላ በየቀኑ ፍላሹን ሰክተው ማዳመጥ ነው። አሥራ አምስተኛውን ሲጨርሱ የደብዳቤዎን ማለቂያ ለማየት ቸኩያለሁ። (ችኩሌ ነኝና።)

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ በሰላም ያገናኘን። አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ።

ኅዳር 21 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

በወጣህበት መንገድ ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። ደብዳቤህ ከሦስት ቀን በፊት ደረሰኝ። ማንም አላነበበልኝም። መጀመሪያ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀጥሎ ያለ ጣት አነበብኩት። አሁን አንዱን ገጽ በቃሌ ይዤዋለሁ። ፍላሾቹ ገና አልመጡም፤ የጓደኛህ እናት ጉንፋን ይዟቸው ጉዞው ተላልፏል ብላ ምራታቸው መጥታ ነግራኛለች።

ስትሄድ «አንቺ» ትለኝ ነበር። አሁን «እርስዎ» ሆኛለሁ። ሰው አክብሮት የሚያበዛው ሲያጠፋ ነው ወይም ሊያጠፋ ሲል ነው። የቱ እንደሆነ አልጠይቅህም።

ሰፈራችን ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው መላጣ ሰውዬ አለ። ለዓመታት ወረቀቴን ሁሉ ያነበበልኝ እሱ ነው፤ የቀብር ዕድር ወረቀትም፣ የሆስፒታሉንም። ደብዳቤህን ይዤ ሄጄ ራሴ አነበብኩለት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። «እማማ፣ ገበያዬን ሊዘጉት ነው እንዴ?» አለ። ፍላሾቹ ሲመጡ እሠራዋለሁ ብሏል።

ስለ ላፕቶፕህ ደግሞ ብዙ አትኩራራ። በሁለተኛ ዓመቱ ሆዱ ተበላሽቶ ልጄ ጠጋኝ ዘንድ ወስዳ በአሮጌ አስለውጣዋለች። አቅሟ የቻለው ያንን ነበር። ለአንተ እንዳይነገር ብላ አስጠነቀቀችኝ፤ «ስጦታው ተበላሸ ብሎ እንዳያዝን» አለች። እኔ ግን ነገርኩህ። አሁን ማን ይቆጣኛል?

የምጽፈው አልቋል፤ ማለቂያው ግን የለኝም።

ታኅሣሥ 8 ቀን

(ይህ የደረሰኝ ታኅሣሥ 30 ቀን ነው፤ ፈጣን የተባለው ፖስታ ከተራው ዘግይቶ። በቀኑ ቦታ አስገብቼዋለሁ።)

አክስቴ፣

ሰላምታውን በኋላ አደርሳለሁ። እባክዎን ላፕቶፑ ላይ ምንም ነገር እንዳይጫን። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሆዱ መለወጡን አላውቅም ነበር። እኔ የተውኩት ዲስክ ትልቅ ነበር፤ ጠጋኞች ከአሮጌ ዕቃ ላይ አውጥተው የሚያስገቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ሰማያዊው ፍላሽ ስልሳ አራት ጊጋ ነው። የተለወጠው ዲስክ ከዚያ ካነሰ «ትንሹን ምረጡ» ያልኩት እሷ ያለችበትን ምረጡ ማለት ሆነ። የተመረጠው ደግሞ ተጠርጎ ነው የሚጫንበት።

ትናንት አንዴ፣ ዛሬ ሁለቴ ልብስ ሰፊዋ ጋ ደውያለሁ። «አክስትህ ይጻፍልኝ ነው የምትለው» አለችኝ። ስለ ላፕቶፑ ነው በያት አልኳት። ሄዳ ተመልሳ «ስለ ላፕቶፑ ከሆነማ በደንብ ይጻፍ ብላለች» አለችኝ። በመጨረሻ «እንዳትነኩት ብሏል በያት» ብዬ አደራ አልኳት። እንደምትነግርዎት አምናለሁ። ደብዳቤውን በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ።

በጥቁሩ ፍላሽ ብቻ አስነስተው፣ ሳይጭኑ፣ ድምፆቹን ሌላ ቦታ መገልበጥ ይቻላል። መጀመሪያውኑ እንዲያ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። በየቀኑ የሚሠራ ነገር ልስጥዎት ብዬ ነው።

አይንኩት። በፈጣሪ ስም ይዤዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ።

ታኅሣሥ 13 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለቤትህ። ፍላሾቹ ታኅሣሥ 9 ቀን መጡ። ታኅሣሥ 11 ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። የሆነውን እንደሆነው እጽፍልሃለሁ፤ የተሳሳትኩት ቦታ ካለ አንተ አሳየኝ።

መላጣው ሁለቱንም ፍላሽ ሰካ። ያልከውን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። ዝርዝሩ መጣ፣ ጥቁሩን መረጠ። ቀጥሎ «ልጫን» እና «ሳልጫን ልሞከር» የሚል መጣ። «እስቲ ይሞከር» አለ። እኔም እንዲያ ማለት ይቻል እንደሆነ አላወቅኩም። የላፕቶፑ መስኮት በራ። እዚህ እዚያ ሲከፋፍት የልጄን ሳጥን አገኘው። «እማ» ብላ ነው ስም ያወጣችለት። ከውስጡ ሃያ መስመር ተደርድሯል። ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ናቸው። አሥራ አምስተኛውን ክፈት አልኩት።

«እማ፣ እንደምን ዋልሽ። ዛሬ መጨረስ ነው የምንማረው። ደብዳቤ ሲያልቅ» አለች።

ዝጋው አልኩት። ከኋላዬ ወረቀት የሚያስነሱ አምስት ስድስት ሰዎች ቆመዋል። አንዷ ሴትዮ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እኔን ታያለች። ልጄ «አሁን አንቺ በዪ» ትለኛለች፤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ እመልስላታለሁ? ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ አልኩ።

ሰውየው «እንግዲያው እማማ፣ ለማንኛውም በእኔ ፍላሽ ላይ ልገልብጠው፣ ሁለት ደቂቃ ነው» አለኝ። የልጄ ድምፅ በሰው ኪስ አይዞርም አልኩት። ደግሞም ደብዳቤው እንዲያ አይልም። የታዘዝነውን እንፈጽም አልኩት።

ከዚያ «ልጫን» የሚለውን ነካ። የት ልጫን ብሎ ጠየቀ፤ ሁለት መስመር አወጣ። አንዱ አርባ ይላል፣ አንዱ ስልሳ አራት። ሰውየው እጁን አነሳ። «እማማ፣ ይሄ አርባው የራሱ የላፕቶፑ እንዳይሆን። ስሙም የፍላሽ ስም አይመስልም» አለ። እኔ ደብዳቤህን አወጣሁ። መስመሩ ላይ ጣቴን አድርጌ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ትንሹ ሰማያዊው ፍላሽ ነው። ትንሹን ምረጡ።» ሳነብ አልተደናቀፍኩም። በዚያ ሱቅ ስንት ዓመት ሰው ሲያነብልኝ ራሴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። በዚያች ቀን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የሰማው እሱ ነው። «ጸሐፊው ካለ» አለና ተጫነው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲጨርስ ሁለቱንም ፍላሽ ነቅሎ ላፕቶፑን አበራው። ያለ ፍላሽ ተነሳ። እንደ አዲስ ነው፤ ሥዕል ያሳያል፣ ፈጣን ነው። «እማ» የሚለውን ፈለገ። ደግሞ ፈለገ። ሰማያዊውን ሰክቶ አየ፤ ባዶ ነው። ፎቶ ኮፒ በሚነሳበት ንጹሕ ወረቀት መላጣውን ጠረገ። የተሰለፉትን ሰዎች «ለዛሬ ዘግቻለሁ» አላቸው።

እኔ የጻፍከውን አንድም ሳልዘል ፈጽሜያለሁ። ታዲያ ልጄ የት ሄደች? እሷን ብቻ ጻፍልኝ።

ጥር 12 ቀን

አክስቴ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም። «እርስዎ» ማለቱንም ተውኩት፤ እንዳልሽው ነው።

የተጠረገው እሷ ያለችበት ነው። አርባው የላፕቶፑ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የለወጣችውን ሳላውቅ እንደማውቅ ሆኜ ጻፍኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም መሆኑን እንጃ። ማስጠንቀቂያዬ ዘግይቶ እንደደረሰሽ ይገባኛል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም አልተናገርኩትም። እኔ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም። ማለቴ እንደምታስቡት አይደለም። ቢሮዎች ያረጀ ኮምፒውተራቸውን በመኪና ይልካሉ። እኔ ሆዳቸውን ፈትቼ ዲስካቸውን አወጣለሁ፤ መብሻ ማሽን ሥር አስቀምጬ እበሳዋለሁ። በቀን አራት መቶ። ጆሮዬ ላይ መከላከያ አደርጋለሁ፣ ከሥራ ወጥቼም ይጮህብኛል። ሊኑክስን ያሳየኝ ከጎኔ የሚሠራ ሽማግሌ ነው፤ ደኅና ሆነው የተገኙትን ኮምፒውተሮች በፍላሽ እያስነሳ ይለያቸዋል።

ይህን የምነግርሽ አዝነሽልኝ እንድትምሪኝ አይደለም። ዲስክ ለምን እንደምንበሳ ታውቂያለሽ? መጥረግ ስለማይበቃ ነው። ሲጠረግ የሚጠፋው ስሙና መዝገቡ ነው፤ አዲስ ነገር ካልተጻፈበት በስተቀር የነበረው ከሥር ይቀራል። የሚችል ሰው ቆፍሮ ያወጣዋል። በመጥረግ የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ እኔ እንጀራ አልነበረኝም።

ሊኑክሱ ያረፈበት ቦታ ጠፍቷል። አርባው ሁሉ ግን አልተሞላም። ሽማግሌውን ጠየቅኩት። ከአሥር አንድ ዕድል አለው፣ ሃያውም ባይሆን አንድ ሁለቱ ሊገኝ ይችላል አለኝ። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን አታብሪው፤ በበራ ቁጥር ላይዋ ላይ ይጽፍባታል። ሰውየው ዲስኩን ፈትቶ ይስጥሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ላኪልኝ። ማሽኑ አጠገብ አላደርሰውም። ሽማግሌው ቤቱ ወስዶ ነው የሚሠራው።

እኔም ልሰማት እፈልጋለሁ። ከሞተች በኋላ ድምጿን አልሰማሁም። በሕይወት ሳለችም ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ እደውላለሁ» ስል ነው ያለፈው። ያንን አላነሳሽብኝም። ብታነሺው ይሻለኝ ነበር።

በእግርሽ ሥር ወድቄ፣

ችኩሌ።

የካቲት 20 ቀን

አክስቴ፣

መልስ አላገኘሁም። ዲስኩም አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ቀይራለች መሰለኝ፣ አይነሳም። ሽማግሌው በግንቦት ጡረታ ይወጣል። ከእሱ በኋላ የሚችል ሰው አላውቅም። እባክሽ። መላክ ካልፈለግሽም አንድ መስመር ጻፊልኝ።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

ችኩሌ።

መጋቢት 16 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

አሥራ አራተኛው ትምህርት ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ይላል። እንግዲህ ሰላም ላንተ ይሁን። ከልቤ አይደለም፤ ደንቡ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አልቀየረችም። እንዳታነሳልህ ያልኳት እኔ ነኝ።

እሷ ያን ጊዜ አደራህን አድርሳለች። ክሩን ከአፏ ሳታወጣ በሬ ላይ ቆማ «እንዳትነኩት ብሏል» አለችኝ። በወረቀት የያዝኩት «ትንሹን ምረጡ» ነው። በአፍ የመጣልኝ «እንዳትነኩት» ነው። ወረቀቱን አመንኩ። «ተሽሏታል፣ ነገ ይምጡ» ያለኝን አፍ አንዴ አምኜ አይቼዋለሁ። የጻፈው እጅ ግን ከዚያ አፍ እንደማይሻል አላወቅኩም ነበር። ይህንን ባለፈው ደብዳቤዬ አልጻፍኩልህም። ፈርቼ ነው።

አንድ ነገር ግን አልምርህም። «ቁጥር እየጻፍኩ አላደክምዎትም» ብለሃል። እኔ ፊደል ሳላውቅ ሠላሳ ዓመት በቁጥር ነው የኖርኩት። የየሆስፒታሉ አንሶላ ጥጉ ላይ ቁጥር ተሰፍቶበታል፤ አንድ ቀን አንድ አንሶላ ወደማይሆን ቤት አልላክሁም። ስልሳ አራት ብለህ ብትጽፍልኝ አርባውን አይቼ እጁን እይዘው ነበር። አላስቻለህም። አሮጊት ናት፣ ግራ ይገባታል አልክ። ጥፋተኛው አንተ ነህ የምለው ስለ ዲስኩ አይደለም፤ ስለዚህች ስለ አንዷ መስመር ነው።

ስለ ሥራህ የነገርከኝን ለማንም አልተናገርኩም። እጅህንም አልተጸየፍኩትም። ልጄ የሞተችበት አልጋ ላይ የተነጠፈውን አንሶላ የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሰው የመጣለትን ነው የሚሠራው።

መላጣው ዲስኩን ፈትቶ ሰጥቶኛል። የመዳፌን ያህል ናት፣ ቀዝቃዛ ናት። አሥር አሥር ጊዜ የጻፍኩባቸው ደብተሮች ካሉበት መሳቢያ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልላ አለች። ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት ይዣት ሄጃለሁ። ሁለተኛው ላይ ተራዬ ደርሶ ጸሐፊዋ «ምንድን ነው ውስጡ?» አለችኝ። ይዣት ተመለስኩ።

ሽማግሌው ከአሥር አንድ ብሏል አልክ። ብልክልህና «የለም» ብለህ ብትጽፍልኝ ያኔ የለችም። የጻፍከውን ደግሞ አነበዋለሁ፤ ማንበብ አስተምራኛለችና አላነብም ማለት አልችልም። መሳቢያዬ ውስጥ እስካለች ድረስ ግን «ደብዳቤ ሲያልቅ» ብላ አቋርጣለች፣ እኔም ዝጋው ብያለሁ፤ እዚያ ላይ ነን። ዘጠኙን ፈርቼ ማስቀመጥ ይሻለኛል ወይስ አንዱን ተስፋ አድርጌ መላክ፣ እሱን ማሰብ ደክሞኛል። ዲስኩን አልልክልህም። ለአንተ ስል አይደለም፤ አንተን ለመቅጣትም አይደለም። ሽማግሌውን ጡረታውን በደኅና ይብላ በለው።

ላፕቶፑን ለመላጣው ሰጥቼዋለሁ። በደንብ ይሠራል ይለኛል፣ ዓይኔን ሳያይ።

ደብዳቤ አትላክልኝ፤ ቢመጣ አልከፍተውም። ደብዳቤ ሲያልቅ ምን እንደሚባል የምታውቀው እሷ ነበረች። እኔ የተማርኩት መጀመር ብቻ ነው። ከእንግዲህ አልጀምርም።